ምዕራፍ 5፦ ለመውደድና ለማዘን በነፍስ ማመን ያስፈልጋል?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1776 እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ጄምስ ቦስዌል የተባለ ስኮትላንዳዊ ጠበቃና ጸሐፊ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ረፍዶበት ወደ ዴቪድ ሂዩም ቤት አቀና። ሂዩም በኤድንበርግ ከተማ የሚኖር፣ በመላው አውሮፓ የታወቀ ፈላስፋ ነው። በዚያ ሰሞን ግን በሆድ ሕመም አልቆ ሞቱን የሚጠብቅ በሽተኛ ሆኗል። ቦስዌል ሲገባ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ብቻውን ጋደም ብሎ አገኘው። ከስቷል፣ ገርጥቷል። ነጫጭ የብረት ቁልፍ ያለው ግራጫ ልብስ ለብሷል። ከፊቱ በዚያው ዓመት የታተመ፣ ስለ ንግግር ጥበብ የሚያወራ መጽሐፍ ተቀምጧል። ሊሞት ሳምንታት የቀሩት ሰው አዲስ መጽሐፍ እያነበበ ነበር።

ቦስዌል የመጣው በሽተኛ ለመጠየቅ ብቻ አይደለም። ሂዩም ከሞት በኋላ የምትቀጥል ነፍስ አለች ብሎ እንደማያምን አገር ያውቃል። ሞት ደጃፉ ላይ ሲቆም ሐሳቡን ይለውጥ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። ጠየቀው፤ ሂዩም አልለወጠም። ከናካቴው አለመኖር አያስጨንቅህም ወይ ብሎ ቢያጠብቅበትም፣ ከመወለዱ በፊት ያልነበረበት ዘመን እንደማያስጨንቀው ሁሉ ይኼኛውም እንደማያስጨንቀው መለሰለት። ከዚያ ቤት ተረብሾ የወጣው ጤነኛው ጠያቂ ነው።

እኔን ከዚህ ጭውውት ይበልጥ የሚይዘኝ ከስድስት ሳምንት በኋላ የሆነው ነው። ኦገስት 20፣ ሊሞት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ሂዩም ፈረንሳይ ላለች የረጅም ጊዜ ወዳጁ ለእመቤት ደ ቡፍሌ ደብዳቤ ጻፈ። የሕይወቷ አጋር የነበረው ልዑል ደ ኮንቲ በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ሞቶባታል። ሂዩም ደብዳቤውን የጀመረው በእሷ ሐዘን ነው። ይህ ሞት ኑሮዋን ምን ያህል እንደሚያናጋባት አስቦ አዘነላት። ስለ ራሱ የጻፈው ጥቂት ነው፦ ሞት ቀስ እያለ ሲቀርብ ያለ ጭንቀትና ያለ ቁጭት እያየው እንደሆነ ነገራት፤ ከዚያም በፍቅርና በአክብሮት ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበታት። ነፍስ የለኝም ብሎ የሚያስብ፣ በአልጋ ላይ ያለ ሰው፣ ጉልበቱን አሰባስቦ የሌላ ሰው ለቅሶ ደረሰ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አዳም ስሚዝ የወዳጁን የሂዩምን የመጨረሻ ቀናት እርጋታና ደግነት የሚመሰክር ደብዳቤ ባሳተመ ጊዜ የስድብ ዶፍ ወረደበት። የብሪታንያን የንግድ ሥርዓት ከሥር መሠረቱ የተቸበት ትልቁ መጽሐፉ ካመጣበት ወቀሳ ዐሥር እጥፍ ይበልጥ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። የሂዩምን አለማመን ሰዉ ድሮም ያውቀዋል። ያስቆጣው ሳያምን በሰላም መሞቱ ነው። ስመ ጥሩው የመዝገበ ቃላት ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ጨርሶ አላመነም፤ ሂዩም ለታይታ ነው እንጂ ፈርቷል አለ። ጆንሰን ራሱ አጥባቂ ክርስቲያን ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉም ሞትን አጥብቆ ይፈራ ነበር።

እርግጥ ከሁለት ሰው ታሪክ ሕግ አይወጣም። ተረጋግተው የሚሞቱ አማኞች፣ እየተሸበሩ የሚሞቱ የማያምኑም ሞልተዋል። የጆንሰን ጥርጣሬ ግን ዛሬም ከእኛ ጋር ነው። ነፍስ ከሌለች ፍቅር ምንድን ነው? እናት ለልጇ የምታለቅሰው የአንጎል ኬሚካል ተዛብቶ ነው? ይህን ጥያቄ ከሁለት ወገን እሰማዋለሁ። አንዱ ወገን፣ ፍቅር እውነት ስለሆነ ነፍስ መኖር አለባት ይላል። ሌላው፣ ብዙውን ጊዜ ሳይንስ ያነበበ ወጣት፣ ነፍስ ስለሌለች ፍቅርም የሆርሞን ማታለያ ነው ይላል። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ ነፍስ ከወደቀች ፍቅር አብሮ ይወድቃል ብለው ተስማምተዋል። እኔ የምሞግተው ይህን የጋራ መነሻ ነው።

ነፍስ አለች ወይስ የለችም የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ለመውደድ፣ ለማዘን፣ የሚረባ ሕይወት ለመኖር በነፍስ ማመን ግድ ነው ወይ የሚለው ሌላ ነው። የመጀመሪያው በዚህ መጽሐፍ አይፈታም። ሁለተኛውን ግን መመለስ የምንችል ይመስለኛል።

የልዕልቷ ጥያቄ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ሰባት ባሕርያት አሉት። መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት የሥጋው ናቸው። የነፍሱ ደግሞ ሦስት፦ ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት። በጉባኤ ቤት ለዘመናት የተሰጠ፣ ሰውን በአንድ ጊዜ ምድራዊም ሰማያዊም አድርጎ የሚያይ ጥልቅ ትምህርት ነው። እዚህ ላይ ልብ የምለው አንድ ነገር አለ፦ ለነፍስ በተሰጡት ሦስቱ ውስጥ ማሰብ፣ መናገርና ሕያው መሆን እንጂ ፍርሃት፣ ቁጣና ናፍቆት በስማቸው አልተጠሩም።

በአውሮፓ ነፍስንና ሥጋን ከማንም በላይ አራርቆ ያስቀመጠው ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት ነው። ለእሱ ነፍስ የምታስብ ግን ቦታ የማትይዝ፣ ሥጋ ደግሞ ቦታ የሚይዝ ግን የማያስብ ነገር ነው። በ1643 በሆላንድ በስደት የምትኖር የ24 ዓመት ወጣት፣ የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ፣ እስከ ዛሬ ፈላስፎችን የሚያስጨንቅ ጥያቄ ጻፈችለት፦ ቦታ የማትይዝ ነፍስ ቦታ የሚይዝን ሥጋ እንዴት አድርጋ ነው የምታንቀሳቅሰው? ዴካርት የሰጣት መልስ አላረካትም፤ አላረካኝም ብላም በግልጽ ነገረችው። የደብዳቤ ልውውጣቸው ግን ለዓመታት ቀጠለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ልዕልቲቱ ታመመች። ቶሎ የማይለቅ ትኩሳትና ደረቅ ሳል ያዛት። ዴካርት የሕመሟ ሥር ኀዘን ነው ብሎ ጻፈላት፤ ቤተሰቧ ዙፋኑን አጥቶ የተበተነ፣ አጎቷ የእንግሊዝ ንጉሥ በእርስ በርስ ጦርነት የተከበበበት ጊዜ ነበር። እሷም ሰውነቷ የልቧን መከራ ቶሎ እንደሚቀበል አልካደችም። ዴካርት በ1649 ስለ ሰው ስሜቶች ያሳተመው መጽሐፍ የበቀለው ከዚህ የሁለቱ ውይይት ነው። በነፍስ መኖር ቅንጣት ጥርጣሬ ያልነበረው ይህ ሰው፣ ፍርሃትንና ሐዘንን ሲያብራራ ገጽ በገጽ የሚጽፈው ስለ ደም፣ ስለ ልብ ምት፣ ስለ ነርቭና በአንጎል መካከል ስላለች አንዲት ትንሽ እጢ ነው።

ፊቷን አውቆ እናቱን ማጣት

በ1923 ጆሴፍ ካፕግራ የተባለ ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረባው ጋር ሆኖ ስለ አንዲት ሴት ጻፈ። ሴትዮዋ ባሏና ልጆቿ ተወስደው በእነሱ ቦታ መልካቸውን የያዙ ሌሎች ሰዎች ተተክተዋል ትላለች። ሕመሙ ዛሬ በካፕግራ ስም ይጠራል። ከብዙ ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የነርቭ ሐኪሙ ራማቻንድራን፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ እንዲህ ያለ ወጣት ገጠመው። ወጣቱ ያስባል፣ ይናገራል፣ ያስታውሳል። እናቱን ሲያይ ግን "ይቺ ሴትዮ እናቴን ትመስላለች እንጂ እናቴ አይደለችም" ባይ ነው። እናቱ በስልክ ስትደውልለት ወዲያው ያውቃታል፤ እንደ ልጅ ያወራታል። በአካል ስትመጣ እንደገና አስመሳይ ትሆንበታለች።

ሐኪሞቹ የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው። የሰው ፊት ስናይ አንጎል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው መንገድ ይህ የማን ፊት እንደሆነ ይለያል። ሌላው መንገድ ያንን ፊት ከስሜት ጋር ያገናኛል፤ የእናታችን ፊት ሲመጣ ሳይታወቀን መዳፋችን በጥቂቱ ያልባል፣ ይህም በመሣሪያ ይለካል። በወጣቱ ላይ የመጀመሪያው መንገድ ደህና ነው፣ ሁለተኛው ተጎድቷል። የእናቱን ፎቶ ሲያይ መዳፉ የሚሰጠው ምላሽ የማያውቀውን ሰው ሲያይ ከሚሰጠው አይለይም። ስለዚህ መልኩ ሁሉ የእናቱ ሆኖ ሙቀቱ የጠፋ ሰው ከፊቱ ሲቆም፣ አእምሮው የቀረለትን ብቸኛ መደምደሚያ ይይዛል፦ ይቺ ሌላ ናት። የድምፅ መንገድ አልተነካም፤ ለዚያ ነው በስልክ እናቱ የምትመለስለት።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ወጣቱ ስለ ነፍስ ያለው እምነት ያው ነው። ስለ እናቱ ያለው እውቀትም ያው ነው። የጎደለው እውቀትም እምነትም ያልሆነ፣ ሥጋዊ የሆነ ነገር ነው፤ ያ ሲጎድል ግን የገዛ እናቱ ባዕድ ሆነችበት።

ሁለተኛው ምሳሌ በአሜሪካ ኢዮዋ ለብዙ ዓመታት የተጠናች፣ በሕክምና ጽሑፎች "ኤስ.ኤም." ተብላ ብቻ የምትጠራ ሴት ናት። ብርቅ የሆነ በዘር የሚመጣ ሕመም በሁለቱም የአንጎሏ ክፍል ያለውን አሚግዳላ የተባለ፣ የለውዝ ፍሬ የሚያህል አካል አጥፍቶባታል። አጥኚዎቹ እባብና ሸረሪት ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰዷት። እባብ እንደምትጠላ ስትናገር የኖረች ሴት፣ እባቡን አንሥታ ከሦስት ደቂቃ በላይ በእጇ እያገላበጠች ምላሱን ነካካች፤ የሚታይባት ጉጉት ብቻ ነው። ደስታና ሐዘን ግን ይሰማታል፣ ለሰውም ታስባለች። የጠፋው ፍርሃት ነው።

እንዲህ ተብሎ ጉዳዩ በተዘጋበት እ.ኤ.አ. በ2013 ሌላ ውጤት ወጣ። ኤስ.ኤም. 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር አንዴ እንድትስብ ተደረገ። አየሩ ጉዳት የለውም፣ ለአፍታ የመታፈን ስሜት ብቻ ይፈጥራል። እባቡን የዳበሰችው ሴት ጭንብሉን ከፊቷ እንዲያወልቁላት እየተማጸነች በድንጋጤ ተርበተበተች። ከውጭ የሚመጣ አደጋ የሚያስነሣው ፍርሃትና ከገዛ ሰውነት ውስጥ የሚነሣው ፍርሃት በተለያየ መንገድ የሚሄዱ ኖረዋል። አንድ የሚመስለን ስሜት እንኳ ሲፈተሽ በሥጋ ውስጥ ብዙ ሥር አለው።

አማኙ ለዚህ መልስ አለው፤ መልሱም ሊናቅ አይገባም። በገና ክሩ ሲላላ ዜማው ይበላሻል፤ ደርዳሪው ግን ደህና ነው። አንጎልም የነፍስ መሣሪያ ቢሆንስ? ለዚህ ሐሳብ የቆሙት ሳይንስ የማያውቁ ሰዎች ብቻ አይደሉም። በሞንትሪያል ከተማ የነቁ በሽተኞችን አንጎል በኤሌክትሪክ እየነካ የረሱትን ትዝታ ያስነሣ የነበረው ታላቁ ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ፣ በ1975 በወጣው መጽሐፉ አእምሮን በአንጎል ሥራ ብቻ ማብራራት እንደሚቸግረው ጽፏል። የበገናውን መልስ የሚያፈርስ ሙከራ የለም። ነፍስ የለችም ተብሎ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ የሚል ሰው ካልታየ ነገር ላይ ነው የሚናገረው። እኔ የምለው ከዚህ ያነሰ ነው፦ እናትን እናት አድርጎ የሚያሳየን ሙቀት በምናውቀው መልኩ የሚመጣው በሥጋ በኩል ነው፤ ሰውየው ስለ ነፍስ ምን ብሎ እንደሚያምን አይጠይቀውም።

ታዲያ ፍቅር ኬሚካል ነው ማለት ነው? የወለደች እናት ልጇን ጡት ስታጠባ ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ይጨምራል፤ ወተቱን የሚያወርደው እሱ ነው፣ ከሕፃኑ ጋር በሚያስተሳስራት ስሜትም ድርሻ አለው። ነገር ግን እናትየዋ የምትወደው ኦክሲቶሲንን አይደለም፤ ልጁን ነው። ሌሊት የምትነሣው ለእሱ ነው፤ ቢታመም የምትጨነቀው ለእሱ ነው። ስሜት በምን ተነሣ የሚለውና ስሜት ወደ ማን ያዘነብላል የሚለው የተለያዩ ናቸው። ሳይንስ የመጀመሪያውን የቱንም ያህል በዝርዝር ቢነግረን ከሁለተኛው የሚቀንሰው የለም። ሆርሞኑን ያወቀው ወጣት ፍቅርን ማታለያ ነው ሲል የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማታለያ ለመሆን ልጁ መኖር የለበትም ነበር፤ ልጁ ግን አለ።

እምነት ከማይደርስበት

በ1972 በታንዛኒያ ጎምቤ ደን፣ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዳል ለዓመታት ስትከታተላት የነበረች ፍሎ የተባለች አሮጊት ቺምፓንዚ ሞተች። ስምንት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነው ልጇ ፍሊንት ራሱን የሚችልበት ዕድሜ ላይ ቢደርስም ከእናቱ ያልተለየ ነበር። ከሞተች በኋላ መብላት ተወ፣ ከመንጋው ተገለለ፣ ታመመ። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ እሱም ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በአሜሪካና በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ አንዲት ኦርካ፣ ተወልዶ ወዲያው የሞተባትን ግልገል በግንባሯ እየደገፈች 17 ቀን፣ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛው ዋኘች።

እነዚህ ፍጥረታት በውስጣቸው ምን እንደሚሰማቸው ማንም ገብቶ አላየም። ስለ ነፍስ ትምህርት እንዳልተማሩ ግን እርግጠኛ ነን። መሐላና ጸሎት የማያውቅ ሕፃንም ከእናቱ ሲለይ ያለቅሳል። ሐዘን ከእምነት ይቀድማል፤ እምነት የሚመጣው ሐዘኑ ካለ በኋላ ነው፣ ምን እናድርገው ሲባል።

የቶልስቶይ ገመድ

ስሜት እንዲህ ከሆነ፣ ትርጉምስ? ከባዱ ይህ ነው። በተቃራኒው ወገን ከቆሙት ምስክሮች የሚበልጠውን ልጥራ። ሌቭ ቶልስቶይ "አና ካሬኒና"ን ከጨረሰ በኋላ፣ ወደ ሃምሳ ዓመቱ ሲጠጋ፣ ሁሉ ነገር የተሟላለት ሰው ነበር፤ ዝናው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ በሳማራ 6,000 ዴሲያቲን መሬትና 300 ፈረስ። በዚህ መሐል አንድ ጥያቄ እግር ተወርች አሰረው፦ "እሺ፣ ከዚያስ?" ራሱ እንደመሰከረው፣ ማታ ብቻውን በሚሆንበት ክፍል ከአግዳሚው እንጨት ላይ እንዳይሰቀል ገመድ ከራሱ ደበቀ፤ ጠመንጃ ይዞ አደን መውጣት ተወ። ጥያቄውን ሲያጠብቀው እንዲህ ነው፦ የሚጠብቀኝ ሞት የማያጠፋው ትርጉም በሕይወቴ አለ ወይ? የለም ብሎ ደመደመ፤ መውጫውንም በገበሬዎቹ እምነት ውስጥ አገኘሁ አለ።

ይህን ያነበበ ሰው ነፍስ ከሌለች ትርጉም የለም ብሎ ቢያስብ አልፈርድበትም። ግን ቶልስቶይን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ያንን ጥያቄ የጠየቀው ስለ ሰው ሕይወት ሁሉ ቢሆንም፣ ትርጉም ያጣው ግን የራሱ ሕይወት እንደነበር፣ እሱም በሌሎች ድካም የሚኖር የጥገኛ ሕይወት እንደሆነ አምኗል። ገበሬዎቹ የነበራቸው ትምህርተ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ነበራቸው፣ የሚደገፍባቸው ሰው ነበር። ቶልስቶይ ዶግማውን ብዙም ሳይቆይ መሞገት ጀመረ፤ የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1901 ለየችው። እሱ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ገመድ መደበቁን ትቶ ለድሆች ሲሠራ ኖረ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል በ1971 ያነሣው ክርክርም አለ። ዛሬ የምናደርገው ከሚሊዮን ዓመት በኋላ ምንም አይደለም ቢባል፣ በዚያው ሒሳብ የሚሊዮን ዓመቱም ነገር ለዛሬ ምንም አይደለም። የታመመ ሰው ውኃ ሲጠይቅህና ስትሰጠው፣ ውኃው የሚጠቅመው አሁን ስለጠማው ነው። ጊዜን ማርዘም ትርጉም ለሌለው ነገር ትርጉም አይሰጠውም፤ ትርጉም ያለውንም ማጠሩ ባዶ አያደርገውም።

በነፍስ ማመን ብቻውን ትርጉም እንደማይሰጥ ደግሞ የሚያስረዱን ከማንም በላይ ያመኑት ናቸው። ምንኩስናችን በሚቀዳበት በግብፅ በረሃ፣ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ኢቫግሪዮስ፣ በቀትር ወደ መነኩሴው በኣት ስለሚመጣ መንፈስ ጽፏል። ፀሐይዋ የቆመች ትመስላለች፤ ቀኑ ሃምሳ ሰዓት የሚረዝም ይሆናል። መነኩሴው ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ እንደሆነ ለማየት አሁንም አሁንም በመስኮት ይመለከታል፤ በኣቱን፣ ሥራውን፣ ኑሮውን ይጠላል፤ ወንድሞቹ ፍቅር የላቸውም፣ የሚያጽናናኝም የለም ይላል። ይህ ሰው ዓለምን ጥሎ የወጣው ስለ ነፍሱ ነው። ትርጉሙ ግን በአንድ ቀትር ከእጁ ሾለከ። ዛሬ በድባቴ ለታመመ ምእመን "እምነትህ ስለላላ ነው" የሚሉ ሰዎች ይህን የበረሃ አባት ቢያነቡት በወደድሁ። ሰው ሙሉ እምነት ይዞም ከሕይወት ጣዕም ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያሻው ወቀሳ ሳይሆን ሐኪምና ወዳጅ ነው።

በሌላው በኩል፣ ቋሚ ነፍስ የለችም የሚለው የቡድሃ ትምህርት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ርኅራኄን የሕይወት ማዕከል አድርጎ ሕዝቦችን ሲመራ ኖሯል። በወንጌል የምናውቃቸው ሰዱቃውያንም ትንሣኤ ሙታንን ክደው፣ በዚያው በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። ሕይወት ዋጋ አለው ለማለት ከሞት በኋላ መቀጠሉን አልጠበቁም።

ድንኳኑና የተከለከለው ለቅሶ

እንግዲህ እምነት ምንም አይጨምርም ማለቴ አይደለም። በአገራችን ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን አይልም። ሟቹ በአምላኩ እጅ ነው ብሎ የሚያምነውም ሰው ያለቅሳል፤ እምነቱ ለቅሶውን አያስቀረውም፣ ቅርጽ ይሰጠዋል። ፍትሐቱ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ለሐዘን ቀን ይቆርጡለታል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሁለት የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች፣ ሊምና ፑትናም፣ ሃይማኖተኞች በሕይወታቸው ይበልጥ የሚረኩት ለምንድን ነው ብለው ባጠኑት ጥናት ከዚህ ጋር የሚገጥም ነገር አግኝተዋል፤ ዋናው ምክንያት በአምልኮው ቦታ ያላቸው ወዳጅ ነው። አዘውትሮ እየሄደ እዚያ ወዳጅ የሌለው ሰው ያን ያህል ልዩነት አላሳየም።

ይህ ሁሉ የተፈተነበት ዘመን በእኛው አገር ነበር። በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የተነሣው የተማሪዎች ትውልድ ብዙው ማርክሲስት ሆነ። ማርክሲዝም ቁሳዊ ፍልስፍና ነው፤ የማትሞት ነፍስም የወዲያኛው ዓለም ዋጋም በውስጡ የለም። በልቡ የእናቱን ጸሎት የያዘ እንደነበረ አልጠራጠርም፤ ግን ሰማይ ቤት ምንም እንደማይጠብቀው ተናግሮ፣ መሬት ለአራሹ ብሎ፣ ለማያውቀው ገበሬ የሞተ ወጣትም በመካከላቸው ነበር። የፖለቲካ መንገዳቸውን የሚነቅፍ ሰው እንኳ ሕይወታቸው ትርጉም እንዳልነበረው ሊናገር አይችልም። ትርጉማቸው እስከ ሞት የሚያደርስ ነበር፤ አንዳንዴም ሌላውን እስከ መግደል፣ ይህም መነገር አለበት።

በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቹ ሲገደሉ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ። ቤተሰብ አስከሬን ሊወስድ ሲሄድ የጥይት ዋጋ ይጠየቅ እንደነበር በስፋት ተመዝግቧል። ብዙ አስከሬን በጅምላ ተቀበረ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ጉድጓዶቹ ተቆፈሩ፤ አጽሙን ለመለየት ከአርጀንቲና የመጡ የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች ረድተዋል። ዛሬ በመስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አጽሙ፣ ልብሱና ፎቶው ይታያል። እናቶቹ ዐሥራ ምናምን ዓመት ጠብቀው አስቀበሩ፤ ለማያምነው ልጅም ፍትሐት አስፈቱ። እናትና ልጅ ስለ ነፍስ የሚያስቡት ለየቅል ነበር። መዋደዳቸው ግን በዚህ አልተለየም፤ የለቅሶው መከልከል ያቆሰላትም የእምነት ክርክሩን ስለተሸነፈች አልነበረም። ልጇን ስላጣች፣ ማጣቷንም ከሰው ጋር እንዳትካፈል ስለተደረገች ነው።

በነፍስ ማመን በእርግጥ የሚሰጠው፣ ሌላ የሚተካውም የማላገኝለት ነገር እዚህ ላይ ይታየኛል። ለዘርዓ ያዕቆብ የሚሰጠው "ሐተታ"፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ይከራከሩበታል፣ በዚህ ዓለም ክፉዎች ሲደሰቱ ደጎች ሲያለቅሱ አይቶ፣ የነፍሳችን ፍላጎትም እዚህ እንደማይሞላ አስተውሎ፣ ፍርድ የሚስተካከልበት ሌላ ሕይወት መኖር አለበት ይላል። ክርክሩ ፍላጎታችን ስለበረታ ይሞላል ማለቱ ነውና እንደ ማስረጃ አያሳምነኝም። የተነሣበት ቁስል ግን እውነተኛ ነው። ለመውደድ በነፍስ ማመን ባያስፈልግም፣ ልጇን ዳግም ለማየት ለምትመኝ እናትና ተበድሎ ለሞተ ሰው ግን አለማመን የሚሰጠው ምላሽ የለውም። የማያምን ሰው ይህን ጉድለት በደፈናው ማለፍ የለበትም። ሙታንን መካስ ካልተቻለ በሕይወት ያሉት ለሙታን ምን ዕዳ አለባቸው? ምስክርነት፣ ፍርድ ቤት፣ መዝገብና ሙዚየም ከዚህ ዕዳ ምን ያህሉን ይከፍላሉ? የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጀምረው የቀይ ሽብርን ወንጀል ከመረመረው ከልዩ ዐቃቤ ሕግ መዝገቦች ነው።